መኪናዬ የሚያድርበት ቤት

ደላላው ሳቁን መያዝ አቅቶት ነበር። «ወንድሜ፣ ሰው ስለ ውሃ ይጠይቃል፣ ስለ መብራት ይጠይቃል። አንተ መንገዱን በሜትር ትለካለህ!» አለኝ።

እውነቱን ነው። ሁለት ወር ሙሉ ቤት ስፈልግ ከውጭ አይቼ ውስጡን ሳልረግጥ የተመለስኩበት ይበዛል። መጀመሪያ የቅያሱን ስፋት አያለሁ። ቀጥሎ አንጋጥጬ የመብራቱ ገመድ ምን ያህል እንደረገበ እመለከታለሁ፣ ከዚያ ጎንበስ ብዬ የቦዩን ክዳን። ክዳኑ ስስ ከሆነ ቤቱ ቤተ መንግሥት ቢሆንም አይጠቅመኝም።

የማሽከረክረው ኤፍኤስአር የሚባለውን የአይሱዙ የጭነት መኪና ነው፤ ግማሹ የሚስቴ ወንድም ነው፣ ግማሹ የዕቁቤ። ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኜ ሃይሌ ጋርመንት ወዳለው የአትክልት ገበያ አስገባለሁ። ከባድ መኪና ቀን ቀን ከተማ ውስጥ እንደልቡ ስለማይንቀሳቀስ ሥራችን የሌሊት ነው። አመሻሹ ላይ እጭናለሁ፣ በሞጆ በኩል በፈጣኑ መንገድ መጥቼ ቱሉ ዲምቱ ላይ እወርዳለሁ፣ ቤቴ ገብቼ ትንሽ አረፍ እላለሁ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ተነስቼ ወደ ገበያ። በመሃል ያለችው ያቺ የአራት ሰዓት እንቅልፍ ናት ቤት ያስለወጠችኝ።

የራሴ ቤት አለኝ እኮ። በዕጣ የደረሰኝ ኮንዶሚኒየም፣ ባለ አንድ መኝታ። ከአራት ዓመት በፊት የብሎካችን ነዋሪዎች ተሰብስበን የጭነት መኪና ግቢ ውስጥ እንዳያድር ወሰንን። የአንድ ጎረቤት ገልባጭ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ሰብሮ ሳምንት ሙሉ ሽታው ቤታችን ገብቶ ነበር። ያኔ እኔ ተቀጥሬ ነበር የምነዳው፤ መኪናው የሚያድረው አለቃዬ ግቢ ነው። ኮሚቴው «የሚደግፍ?» ሲል እጄን አወጣሁ። አወጣሁ ብቻ ሳይሆን ተነስቼም ተናገርኩ። «ልጆቻችን የሚጫወቱበት ቦታ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ ፊርማዬ አለ።

የራሴን መኪና በገዛሁ በሁለተኛው ሌሊት ጥበቃው አንኳኳ። ከኋላው ሊቀመንበሩ ቆሟል፣ ጋቢ ተከናንቦ። አልተቆጣም። «የፈረምከውን ታውቀዋለህ» ብቻ ነው ያለኝ።

መውጫ ቀዳዳ ባገኝ ብዬ የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጁን፣ ቁጥር 370/1995ን፣ ስልኬ ላይ ከፍቼ አነበብኩ። ማቆሚያው የጋራ መጠቀሚያ ነው፣ ማኅበሩም መተዳደሪያ ደንብ ማውጣት ይችላል። አነበብኩና ስልኩን ዘጋሁት።

ለጥቂት ወራት በአዳር እየከፈልኩ አስፋልት ዳር ያለ የመኪና ማደሪያ አሳደርኩ። ከዚያ እስከ ቤት ሃያ አምስት ደቂቃ በእግር ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ፣ በዱላ፣ ጅቡ ከወንዙ ወዲያ እየጮኸ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ያው መንገድ። አንድ ቀን ስደርስ ተጠባባቂው የስኮርት ጎማ የለም። ዘበኛው «ሲመጣም አልነበረም» ብሎ ማለ። ሚስቴ ያን ቀን ነው «ቤቱን እናከራየውና መኪናው ባለበት እንደር» ያለችው።

ፍለጋው ሲጀመር ደንብ የሌለው ሰፈር የማገኝ መስሎኝ ነበር። የለም። ከተማው ዳር ላይ ኮብልስቶን ያለበት ቅያስ ሁሉ ማለት ይቻላል ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶበታል፣ ያዋጣ ሰው ደግሞ ይጠብቃል። አንዱ ጋ ብረት ተክለው በሰንሰለት ዘግተውታል፤ ቁልፉ ያለው ሱቅ ነው። አንዱ ጋ «ከባድ መኪና ማስገባት ክልክል ነው» ተብሎ በቆርቆሮ ተጽፏል፣ ከስሩ ግን የጎማ ዱካ ሞልቷል። ገላን በኩል ሰፊ መንገድ አገኘሁ፤ እሱ ደግሞ ከ2015 ወዲህ የሸገር ከተማ ነው፣ ከአዲስ አበባ ውጭ፤ ልጆቼን ከትምህርት ቤታቸው ማንሳት አልፈለግኩም። አንዲት አከራይ «ለአንተ እሺ፣ ለመኪናህ ግን አላከራይም» አሉኝ። እስካሁን ሚስቴ ትስቅበታለች።

ይሄኛው ቤት ቂሊንጦን አልፎ ነው። አከራይዋ እማማ ሁለቱን ክፍል አሳዩኝና «መኪናውን እኔ መፍቀድ አልችልም ልጄ፣ እድሩን ጠይቅ» አሉ። እሑድ የእድሩ ሰዎች ጋ ሄድኩ፤ አምስት ሽማግሌ ድንኳኑ የሚቀመጥበት ቤት በር ላይ ተቀምጠዋል።

«ስንት ጎማ ነው?»

«ስድስት ነው፣ ጋሼ።»

«ጭነት ይዞ ነው የሚያድር?»

እዚህ ላይ ልዋሽ ነበር። ከዚያ ያ ቃለ ጉባኤ ትዝ አለኝ። «አዎ፣ አንዳንዴ ሙሉ ጭነት» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው፣ ጥግ ላይ ያሉት፣ «በፍጹም!» አሉ፤ መንገዱ ሲሠራ ድንጋይ ሲያቀብሉ የዋሉት እሳቸው እንደሆኑ በኋላ ሰማሁ። ክርክሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። በመጨረሻ የተስማማነው ይህ ነው፦ መኪናው ቅያሱ አፍ ላይ፣ ከመጀመሪያው ቤት አያልፍም። አፉን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ያድራል፣ ሌሊት የኋላ ማርሽ የለም። የሰመጠ ድንጋይ እኔ አስተካክላለሁ። ለቅሶ ሲኖር ድንኳንና ወንበር በነፃ አመላልሳለሁ። የመጨረሻውን ለማስፈቀድ ያቀረብኩት እኔ ነኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እነሱ ናቸው የጠየቁት፣ ናፍታውም በእኔ ነው።

የኪራይ ውሉ በአዲሱ አዋጅ መሠረት የሁለት ዓመት ነው። ስለ መኪና አንድም ቃል የለበትም። እማማ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ከታች በእስክሪብቶ አስጨመሩ፦ «ዘይት ቢያንጠባጥብ ተከራይ ያጥባል።»

ሦስት ሳምንት ሆነን። ላስቀረው የማልችለው አንድ ነገር አለ፤ ሞተሩ ተነስቶ የፍሬኑ አየር እስኪሞላ ድረስ መቆም አለብኝ፣ እስኪሞላም ይጮኻል። በዚያ ሰዓት ከመጀመሪያው ቤት መስኮት ላይ መብራት ይበራና ይጠፋል። ማን እንደሆነ አላውቅም። ቀን ሰላምታ ስሰጥ የሁሉንም ፊት አያለሁ።

ድንጋዮቹም መስመጥ ጀምረዋል። ባለፈው ቅዳሜ በግራ በኩል፣ የኋላው ድርብ ጎማ የሚያርፍበት ላይ፣ ሁለቱ ጎድጉደው አገኘሁ። በፌሮ ፈልቅቄ አነሳኋቸው፣ አሸዋ ጨመርኩ፣ መልሼ በመዶሻ መታሁ። ያ «በፍጹም» ያሉት ሽማግሌ በምርኩዛቸው መጥተው ቆሙ። አንዷን ድንጋይ በምርኩዛቸው ጫፍ ነኩና «ይቺ ተገልብጣለች» አሉ። መልሼ ገለበጥኳት። ዛሬ ጠዋት ስመለስ ሦስተኛዋም ጎድጉዳለች፤ አሸዋውም አልቋል፣ ነገ ከመቂ ስመለስ አንድ ጆንያ እይዛለሁ።