«ግለጪ» ያልኩበት ፈተና

ስድስት ወንዶች ከፈተናው ከግማሽ በላዩን ባዶውን መለሱልኝ። አንዱ ከባዶው ቦታ አጠገብ «እኔ ወንድ ነኝ» ብሎ ጽፏል። ቀይ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። ስንት ይሰጠዋል? ዜሮ? ወይስ ለሐቀኝነቱ ግማሽ ነጥብ?

ጎንደር ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ፤ ዘጠነኛ ክፍል። ይህን የምጽፈው ክፍሌን ለሴቱም ለወንዱም እኩል አደርጋለሁ ብሎ ለተነሳ መምህር ነው። እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። ቢኖርም የምሰማው አይመስለኝም፤ ያኔ ልቤ አብጦ ነበር።

ዓመቱ 2011 ነው። ጥቅምት ላይ ከሚኒስትሮቹ ግማሹ ሴቶች ሆኑ። በዚያው ወር ሣህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ስታፍ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ ወሬው ሁሉ ይሄ ነበር። በዚያው ሰሞን እኔም የሥርዓተ ፆታ ሥልጠና ተላክኩ። ሁለት ቀን፣ ሻይ በብስኩት፣ ውሎ አበል። እውነቱን ለመናገር አንድ ጥሩ ነገር ይዤ ተመለስኩ፦ ማንን እንደምትጠይቅ አስቆጥር የሚል።

እንግሊዝኛ የምታስተምር ባልደረባዬን ለመንኳት። በትርፍ ክፍለ ጊዜዋ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ ሴት ስጠይቅ አንድ ጭረት፣ ወንድ ስጠይቅ አንድ ጭረት እየሰመረች ያዘችልኝ። ክፍሉ 54 ተማሪ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ሴቶች ናቸው። በሦስት ክፍለ ጊዜ 47 ጊዜ ጠይቄ ሴት የጠየቅኩት 13 ጊዜ ብቻ ነበር። ይሄ አስደነገጠኝ። ያናደደኝ ግን ከጭረቶቹ ሥር የጻፈችው ነው። «ሴት ስትዘገይ ‹አይዞሽ› ትልና ወደ ሌላ ታልፋለህ። ወንድ ሲዘገይ ‹አስብ እንጂ› ትልና ቆመህ ትጠብቀዋለህ።»

ውሸት ነው ብዬ ተከራከርኳት። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላኝ «አይዞሽ» ብዬ ሳልፍ ራሴን ያዝኩት።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ዝም ብዬ «አስቢ እንጂ» ማለት ብጀምርና ብጠብቅ ሥራው በተሠራ ነበር። እኔ ግን ሰዋስው አስተማሪ ነኝ። ነገርን በሰዋስው ካልፈታሁት አይዋጥልኝም።

መቼም አማርኛችን በዚህ በኩል አያመችም። እንግሊዝኛ «ዩ» ብሎ ሁሉን ይገላገላል። እኛ አንድ ሰው ለመጥራት እንኳ ወይ «ና» ወይ «ነይ» ነው። ግሡ ራሱ ይለያል። መዝገበ ቃላት ስትከፍት ሁሉ ነገር በ«እሱ» ነው፦ ሰበረ፣ ጻፈ፣ ነገረ። ሰሌዳ ላይ የምንጽፈው ምሳሌም ያው ነው። አበበ በሶ በላ፣ ጫላ ጩቤ ጨበጠ። የሚበላውም የሚጨብጠውም ወንድ ነው። የፈተና ትእዛዝ ደግሞ ወይ «ምረጥ» ይላል፣ ወይ ትንሽ የሰለጠነ ከሆነ «ምረጥ/ጪ»።

ይህች እዝባር ታስጠላኛለች። እስቲ ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፦ «ከክፍልህ/ሽ ያገኘኸውን/ሽውን ልምድ አስታውሰህ/ሽ ጻፍ/ፊ»። ሰው የሚናገረው አማርኛ አይደለም። ሴቷ ደግሞ ሁልጊዜ ከእዝባሩ ማዶ ናት። ሙሉ ቃል እንኳ አልተሰጣትም፤ የወንዱ ቃል ጭራ ላይ አንዲት ፊደል ተቀጥላ ትቀራለች።

ስለዚህ ኅዳር ላይ ሚድ ሳወጣ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ፈተናው ከ20 ነው፤ አራት ክፍል አለው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት «ምረጥ» እና «አዛምድ» አልኳቸው። ሦስተኛውን «ግለጪ»፣ አራተኛውን «ጻፊ»። እዝባር የለ፣ ምን የለ። ሴቶቹ ስንት ዓመት ሙሉ «ጻፍ» ሲባሉ ለእኔ ነው ብለው ሲጽፉ ኖረዋል፤ ወንዶቹም አንድ ቀን «ጻፊ» ቢባሉ ምን ይሆናሉ? እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ለተማሪዎቹ አስቀድሜ አልነገርኳቸውም። ለዲፓርትመንት ኃላፊውም አልነገርኩም። ለራሴ ግን ፈገግ እያልኩ ነበር ያባዛሁት።

በዕለቱ እኔ ሌላ ክፍል ነበር የምፈትነው። የእኔን ተማሪዎች የፈተናቸው የፊዚክስ መምህር ነው። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ሦስተኛው ክፍል ለሴቶች ብቻ ነው?» ይለዋል። ሰውዬው ወረቀቱን እንኳ ሳያይ «የታዘዛችሁትን ሥሩ» አለው። ልጁም የታዘዘውን ሠራ። ማለትም አልሠራም።

ስድስቱ እነዚህ ናቸው። ከስድስቱ አራቱ አላጠኑም፤ ሰበብ አገኙና ተጠቀሙበት፤ በዚህ እምላለሁ። አንዱ ሊያበሽቀኝ ነው። ስድስተኛው ግን፣ ያ «እኔ ወንድ ነኝ» ያለው፣ ከልቡ ነበር። ጠርቼ ስጠይቀው ዓይኑ እንባ አቅርሮ «አይመለከተኝም ብዬ ነው» አለኝ። እርሻ ላይ አድጎ የመጣ፣ የተባለውን ቃል በቃል የሚያምን ልጅ ነው። እሱን ሳስብ እስከ ዛሬ እፍረት ይይዘኛል። ሰዋስው ልፈትን ብዬ የዋህነቱን ፈተንኩት።

ከዚያ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ወንዶቹ እርስ በርስ «ግለጪ! አብራሪ!» እየተባባሉ መሰዳደብ ጀመሩ። ልብ በሉልኝ፦ ሴቶቹን ላከብር ያመጣሁት ቃል በሦስት ቀን ውስጥ የወንዶች ስድብ ሆነ። ሴቶቹ ይህን እየሰሙ ያልፋሉ።

አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸውን አደግድገው ስታፍ በር ላይ ቆሙ። «አንቱ መምህር፣ ምነው ልጄን ሴት አደረጉት?» አሉኝ። ለማስረዳት ሞከርኩ። አልሰሙኝም። ልጃቸው ራቅ ብሎ ግድግዳ ተደግፏል። ተናግረው ተናግረው ሲጨርሱ ወደሱ ዞሩና «ነይ እንሂድ የኔ ዓለም» አሉት።

ምን ልበል? ለሚወዱት ወንድ ልጅ «ነይ» ማለት በእኛ ዘንድ ያለ ነው። እናቱ በፍቅር ሲሉት ማር ነው፤ መምህሩ በፈተና ሲለው ውርደት ነው። ስቄ ልሞት ነበር፣ ግን መሳቂያው እኔ ነበርኩ።

ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝ። ከጎናቸው ከጽሕፈት ቤት የመጣ ሱፐርቫይዘር ተቀምጧል። ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ሱፐርቫይዘሩ መመሪያ አወጣና መመሪያው የሚለው ሁለቱንም ፆታ በእዝባር ጻፍ ነው አለኝ። ለምን እንደማልወደው ልነግረው ስጀምር «አስተያየት አልጠየቅንም» አለ። በሥልጠናው ላይ «ፈጠራ ተጠቀሙ» ሲሉን ከነበሩት አንዱ እኮ እሱ ነው! በጽሑፍ ማብራሪያ እንድሰጥ ተወሰነ። ማብራሪያ ሰጠሁ። በቂ አይደለም ተባለ። ሁለተኛ ሰጠሁ። የመጣልኝ ደብዳቤ ሁሉ «በአስቸኳይ እንዲያብራሩ» ይላል። በአክብሮት ስለተጻፈ ወንድ ይሁን ሴት የታዘዘው አይታወቅም። ሦስት ሳምንት ሄደ። አንድም ሰው፣ አንድም፣ ሴቶቹ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚናገሩ አልጠየቀኝም። የጭረቱን ወረቀት አያይዤ ነበር። ሳያነቡት መለሱልኝ።

መጨረሻ ላይ ውሳኔው መጣ፦ ስድስቱ ወንዶች ባዶ የተዉትን በድጋሚ ይፈተኑ። በ«ጻፍ»። ቀኑም አስቀድሞ ተነገራቸው።

ሁለቱ ከክፍሉ ከፍተኛ ውጤት ካመጡት መሀል ሆኑ። እንዴት አይሆኑ? የሚያጠኑበት ሳምንት አገኙ።

ወረቀት በመለስኩ ቀን አንዲት ልጅ ክፍሉ እስኪወጣ ጠብቃ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። ኋላ ከሚቀመጡት ናት፤ ያን ሁሉ ጊዜ «አይዞሽ» ብዬ የማልፋት። «ቲቸር፣ እኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ‹ጻፍ› ስንባል ጽፈናል። ማን በድጋሚ ፈተነን?» አለችኝ። መልስ አልጠበቀችም። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።

እንድትናገር ስፈልጋት የነበረችው ልጅ ተናገረች፤ ግን በእኔ ላይ። ስድስቱ ወንዶች ብቻ በድጋሚ መፈተናቸውን መቃወም እንጂ መፈረም አልነበረብኝም። ደመወዜን አስቤ ፈረምኩ። ይህን የምጽፈው ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም።

አሁን እንዴት እንደማስተምር ልንገራችሁ። ትእዛዝ ሁሉ በብዙ ነው፦ ምረጡ፣ አዛምዱ፣ ግለጹ። ቀድሞም ብዙ መምህራን እንዲህ ነበር የሚጽፉት፤ እኔ ነኝ ብልጥ ልሁን ያልኩት። «አንድ ተማሪ ማድረግ ያለበት» አልልም፤ «ተማሪዎች ማድረግ ያለባቸው» እላለሁ። መመሪያው እዝባር ካለ ይበል። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ በዕቅዴ ላይ አንድ ሁለት እዝባር ጣል አደርግለታለሁ፤ ደስ ብሎት ይሄዳል።

ተረትና ምሳሌውን በተመለከተ ከሥልጠናው ጋር አልስማማም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ከክፍል አውጡ ይላሉ። እኔ አላወጣም። ቤታቸው ሲሰሙት ያድራሉ፣ እኔ ደብቄው ምን ሊፈጠር? ማን፣ ለማን፣ መቼ ሲለው እንደሰሙ ጽፈው እንዲመጡ አደርጋለሁ። የሚጽፉት ነገር ከተረቱ ይበልጣል።

ስጠይቅ ስም ዝርዝር ይዤ ነው፤ እጅ ያወጣውን አላሯሩጥም። ከጠየቅኩ በኋላ በልቤ እስከ ሰባት እቆጥራለሁ፤ ለሴቱም ለወንዱም። መጀመሪያ ሰሞን ዝምታው አንገት ያስደፋል። ልጆቹም ግራ ይገባቸዋል። «አይዞሽ»ን ትቻለሁ፤ የታመመች ካልሆነች በቀር። ክፍል መጥረግ ለሴቱም ለወንዱም በተራ ነው፤ ይሄኛው አንድ ወር ጭቅጭቅ ፈጅቶብኛል፣ ግን ተሳካ።

በየዓመቱ ድርሰት ከማጻፌ በፊት ደግሞ ቁስቋም ይዣቸው እወጣለሁ። ስለ ጎንደር ጻፉ ሲባሉ ሁሉም ፋሲልን ይጽፋሉ። እቴጌ ምንትዋብ ከቋራ መጥተው፣ ባላቸው አፄ በካፋ ሲሞቱ ከልጃቸው ከኢያሱ ጋር ዘውድ ጭነው፣ ቤተ መንግሥታቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን እዚያ ተራራ ሥር ማሠራታቸውን ብዙዎቹ የሚያውቁት በስም ብቻ ነው። ፍርስራሹ ላይ ቁጭ ብለን ስናነብ አንዱ ልጅ ድንገት «ቲቸር፣ አፄ ፋሲልም ‹አሠሩ›፣ እቴጌም ‹አሠሩ›፤ ልዩነት የለውም» አለ። እውነቱን ነው። በአማርኛ አክብሮት ሲመጣ ፆታው ከግሡ ይጠፋል። እኔ በሁለት ማብራሪያ ያልገለጽኩትን በአንድ ትንፋሽ ገለጸው።

ይህን ለአንድ አዛውንት ባልደረባዬ ነገርኳቸው። ቅኔ ቤት ያደጉ፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው። «ታዲያ ያን ጊዜ ሁሉንም አንቱ ብለህ ብትፈትናቸው ምን ነበረበት?» አሉኝ። እንደ ቀልድ ነው ያሉት። እኔ ግን አንድ ሰሞን ሞከርኩት። ሰሌዳ ላይ ልጅ ሳወጣ «ይምጡ፣ ይጻፉ» እላለሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ በሁለተኛው ሳምንት ተውኩት። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ግን ያቺ ኋላ የምትቀመጠዋ ልጅ ሁለት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ወጥታለች።

ቅጽል ስሜ ከዚያ ፈተና ወዲህ «ቲቸር ግለጪ» ነው። አዲስ ገቢዎቹ እንኳ ምክንያቱን ሳያውቁ ይሉኛል። ባለፈው ቅዳሜ ከፒያሳ ወደ ማራኪ የሚወስደኝ ባጃጅ ፍለጋ ቆሜ አንዱ አጠገቤ ጥቅ አድርጎ ቆመ። ሾፌሩን አየሁት፤ ከስድስቱ አንዱ ነው። ያ «እኔ ወንድ ነኝ» ያለው። ጺም አብቅሏል።

«ቲቸር ግለጪ!» አለ ጥርሱን ፈልቅቆ። «ግቢ!»

ገባሁ።