ሦስት ዓመት የዘገየ ስለት

ልጄን በሁለት ዓመቱ የሳንባ ምች ያዘው። ኦክስጅን ተደርጎለትም ትንፋሹ አልረጋ አለ። እኩለ ሌሊት ላይ ከክፍሉ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ "የገብርኤል አምላክ፣ ይህን ልጅ ማርልኝ። አቅፌ ቁልቢ አመጣዋለሁ፤ ጃንጥላም አስገባለሁ" አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። ሊነጋጋ ሲል ትንፋሹ ረጋ። በሦስተኛው ቀን "እንጀራ ስጪኝ" አለኝ። እንጀራ! ያ ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለቱን ግን ቶሎ አላደረስኩም። ታህሣሥ 19 በመጣ ቁጥር ምክንያት አላጣም። አንዴ የቤት ኪራይ፣ አንዴ የመሳፈሪያ። እውነቱን ልናገር፣ ዋናው ጃንጥላው ነበር። ጥልፉ የሚያብረቀርቅ፣ የወርቅ ዘርፍ ያለው ካልሆነ አልኩ። ገንዘቡ አይሞላም፣ እኔም አልሄድም። ልጁ ባሳለ ቁጥር ሆዴ ባር ባር ይላል።

በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው።

"ልጄ፣ ስትሳዪ ምን አልሽ?"

"ጃንጥላ።"

"ወርቀ ዘቦ ብለሻል?"

"ኧረ አላልኩም አባ።"

"እንግዲያው ወርቁን የጨመርሽው አንቺ ነሽ።"

ተስሎ ከመቅረት አለመሳል ይሻላል የሚለውን ከመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 5 አነበቡልኝ። "ግን እግዚአብሔር ልጅሽን መያዣ አላደረገውም፤ አትፍሪ" አሉኝ። የሐናንም ነገር አነሡ። ሳሙኤልን ጡት እንዳስጣለችው ወደ ሴሎ ይዛው ወጣች፤ እዚያው ለቤተ መቅደስ ሰጥታው ተመለሰች። እኔ ልጄን ይዤ ነው የምመለሰው። ይህን ሳስብ እንባዬ መጣ።

መርካቶ ወጥቼ አቅሜ የቻለውን ተራ ቀይ ጃንጥላ ገዛሁ። የነቢያት ጾም ስለሆነ በሶና ቆሎ ቋጠርኩ። ከአዲስ አበባ ተሳፈርን። ሂርናን አልፈን መንገዱ ሲጠማዘዝ ልጄ ጭኔ ላይ ተኝቷል፤ ጃንጥላው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ጎኔ ነው።

ራስ መኮንን የተከሉት ያ ደብር አካባቢው በሰው ተጥለቅልቋል። "አቅፌ" ብዬ ተስያለሁና የአምስት ዓመቱን ልጅ አቅፌ ዳገቱን ያዝኩት። በሁለት ዓመቱ ባመጣው ኖሮ እንዴት ይቀል ነበር!

"እማ አውርጂኝ፣ ራሴ እሄዳለሁ" አለ።

"ዛሬ አይሆንም" አልኩት።

ዲያቆኑ ጃንጥላውን ተቀበለኝና ዘረጋው። እልልታዬን አቀለጥኩት። ከዚያ ልጄን አወረድኩት።