ሦስተኛውን መደብ እስክሞላ ድረስ

የግቢያችን አፈር ዋልካ ስለሆነ በክረምት ውኃ ያቁራል፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያሉ የአትክልት መደቦችን በድንጋይ እያበጀሁ ነው። ባለፈው እሑድ ሦስተኛውን ሞልቼ ስለጨረስሁ፣ ስለ መሙያው የተማርሁትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያውን መደብ ግማሽ ያህል የሞላሁት ከአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ በነፃ ባገኘሁት ሰጋቱራ ነበር። ቆስጣው በሦስተኛው ሳምንት ከታችኞቹ ቅጠሎች ጀምሮ ገረጣ። ሰጋቱራ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን በመቶዎች የሚቆጠር እጅ ካርቦን ስለሚይዝ፣ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይሻማሉ። ይህስ በጊዜና በፍግ ይስተካከላል። ይበልጥ ያሳሰበኝ መደቡን ስቆፍር ያየሁት ነው፤ ከዱቄቱ ጋር የቺፑድ ፍርፋሪና ጥፍር የሚያህል የፎርማይካ ስባሪ ተቀላቅሎ ነበር። ቺፑድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣበቀው ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጎጂ ኬሚካል ባለበት ሙጫ ስለሆነ፣ ልጆቼ የሚበሉት ነገር እንዲበቅልበት አልፈለግሁም፤ ሁሉንም አውጥቼ ጣልሁት።

ለሁለተኛው መደብ ጎረቤቴ የፈረሰ ግድግዳ ፍርስራሽ ሊሰጡኝ ነበር። ልስኑ ላይ የቆየ ቀለም ስላየሁበት አመስግኜ ተውሁት፤ በአሮጌ ቀለም ውስጥ ሊኖር የሚችል እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ አይበሰብስም፣ አይጠፋምም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የፍጉ ጉዳይ ነው። ሻጩን «ከብቶቹ የሚበሉት ጭድ ከየት ይመጣል?» ብዬ ስጠይቃቸው ከገበያ እንደሚገዙት ነገሩኝ። የእህል ማሳ ላይ ከሚረጩት የሰፊ ቅጠል አረም ማጥፊያዎች አንዳንዶቹ በጭዱ አልፈው፣ ከከብቱ ሆድም ወጥተው፣ ፍጉ ውስጥ ለወራት ስለሚቆዩ፣ ሳልፈትን መጠቀም አልፈለግሁም። በሦስት ጣሳ ፍግ የተቀላቀለበት አፈር፣ በሌላ ሦስት ጣሳ ደግሞ አፈሩን ብቻ አድርጌ ቦሎቄ ዘራሁ። መድኃኒት ቢኖርበት አዲሶቹ ቅጠሎች እንደ ማንኪያ ይጎብጡ፣ ግንዱም ይጠማዘዝ ነበር። በሦስት ሳምንት የሁለቱም ወገን ቅጠል እኩል ተዘርግቶ ስላየሁ ፍጉን ገዛሁት።

አሁን መደቡ ውስጥ ያለው ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የቤታችን ብስባሽና ግማሽ እጅ ፍግ ነው። ፍጉ ገና ትኩስ ስለሆነና ከአፈር ጋር ለሚነካካ አትክልት ከአጨዳ በፊት 120 ቀን እንዲቆይ ስለሚመከር፣ ሰላጣና ካሮቱን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ለአሁኑ በቆሎ ዘርቼበታለሁ።