ጃንጥላው እንዳይረጥብ

ማይክ የያዘው ልጅ «ሁለት ሺህ ዶላር! የሚጨምር?» ሲል እጄ ወጣ። «ሁለት ሺህ አንድ መቶ!» ያልኩት እኔው ነኝ። ሌሊቱን ኡበር ስነዳ አድሬ ነው የመጣሁት። ሰኞ የቤት ኪራይ አለብኝ።

ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አበሻ ይህን የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ጨረታ ያውቀዋል። ጃንጥላውን ያሸነፈ ሰው ቤቱ አይወስደውም፤ እዚያው መልሶ ለቤተ ክርስቲያኑ ይሰጠዋል። ለራሱ የሚተርፈው ስሙ በማይክ መጠራቱ ነው። እልልታም አለ። ሰው የሚያሳብደው እልልታው ነው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሸነፍኩ። የቦርዳችን ሊቀ መንበር አራት ሺህ ብሎ ዘጋው። ቀሲስ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠርተው መረቁት። ጠዋት «ቀኝህ ስትሰጥ ግራህ አትወቅ» ብለው የሰበኩን እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ፎቶ መጣ። ፊት ለፊት አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹን የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። ሊቀ መንበሩ ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉልን፣ ላይቭ ላይ ነን» አላቸው። «እሺ የኔ ጌታ» ብለው ወንበራቸውን ራሳቸው ተሸክመው እኔ አጠገብ መጡ።

«ስንት ደረሰ ልጄ?»

«አራት ሺህ፣ እማማ።»

«ዶላር?» አሉና ትንሽ ቆይተው፣ «ለጣራው ነው?»

ጣራችን ያፈሳል። ለጣራ ግን ማን እልል ይላል?

ሰውዬውን ለብቻው ላማው አይደለም። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የአገር ቤቱና የስደቱ ሲኖዶሶች እዚሁ ዋሽንግተን ሲታረቁ ሁላችንም አልቅሰናል። ፓትርያርኩ አቡነ መርቆርዮስ ከስንት ዓመት ስደት በኋላ አገራቸው ሲገቡ ስልካችን ላይ ተደፍተን ነበር። እኛ እንግዲህ ከሁለቱም ሲኖዶስ ሥር ካልነበሩት፣ «ገለልተኛ» ከሚባሉት ነን። ሕንፃው የተመዘገበው በማኅበራችን ስም ነው፤ ቁልፉ ቦርዱ ጋ ነው። ዕንባችን ሳይደርቅ ስብሰባ ተጠራ። ስለ እርቁ የተባለው አምስት ደቂቃ አይሞላም። የቀረው ሦስት ሰዓት «አሁን ሊቀ ጳጳስ ቢመደብብን ቦርዱ ምን ሊሆን ነው?» በሚል አለቀ። አገር ቤት ሳለን ማንም ዞር ብሎ አያየንም ነበር። እዚህም በሥራ ቀን ከአለቃ ፊት ቀና አንልም። እሑድ ግን «ሰብሳቢ»፣ «ጸሐፊ»፣ «ሒሳብ ሹም» ነን። እሷን ደግሞ ማን ይለቃል?

ከጨረታው ወራት በኋላ ሒሳብ በማጣራት እንዳግዝ ተጠራሁ። ቃል የተገባውን ዝርዝር አየሁት። ከጃንጥላው አራት ሺህ የገባው አምስት መቶ ብቻ ነው። ደሜ ፈላ። «ይህንንማ እናገራለሁ» ብዬ ገጹን ስገልጥ የራሴ ስም ጠበቀኝ። ለገና በዓል፣ ያውም ብድግ ብዬ፣ 300 ዶላር ቃል ገብቻለሁ። የከፈልኩት ባዶ። ያኔም ተጨብጭቦልኛል፣ አስታውሳለሁ።

ወረቀቱን አጥፌ መለስኩ። አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

ስወጣ ዝናብ ይጥላል። በዕቃ ቤቱ በኩል ሳልፍ እማማ ባልዲ ይዘው ጎንበስ ብለዋል። የሚያፈሰው እዚያ ነው። ከጎናቸው ያ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ በላስቲክ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል።

«ምን እየሠሩ ነው እማማ?»

«ጃንጥላው እንዳይረጥብ ነዋ ልጄ።»