አራት መንግሥቱ በአንድ ፖስታ

አባቴ ጋዜጣ አይጥልም ነበር። የወደደውን ወይም ያስገረመውን ዜና በመቀስ ይቆርጥና በፖስታ ያስቀምጠዋል። ካረፈ በኋላ ከቁም ሣጥኑ ሥር ሦስት ካርቶን ሙሉ ፖስታ አገኘን። እናቴ «አንተ አስተካክለው፤ ለልጆቹ ይሁን» አለችኝ። እሺ አልኩ። በሁለት ሳምንት የሚያልቅ መስሎኝ ነበር፤ አራት ወር ፈጀብኝ።

ከሁሉም የከበደኝ አንድ ወፍራም ፖስታ ነው። ላዩ ላይ በአባቴ የእጅ ጽሑፍ አንድ ቃል ብቻ ተጽፎበታል፦ «መንግሥቱ»።

ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። ሰማንያ የሚሆኑ ቁራጮች ናቸው። ብዙዎቹ ቢጫ ሆነዋል፤ አንዳንዶቹ ሲነኳቸው ይፈረፈራሉ። መጀመሪያ ያደረግኩት በየቀናቸው መደርደር ነበር። ከዚያ ዋና ዋናውን በአንድ ገጽ ጽፌ ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት። ዘጠነኛ ክፍል ናት። አንብባ ስትጨርስ «አጎቴ፣ በ1953 ተሰቅለው ሞቱ ይላል። በ1954 ደግሞ ጎል አገባ ይላል። እንዴት ነው?» አለችኝ።

ልክ ናት። ስሙን አይቼ ሰዉን ሳላይ ነው የደረደርኩት። ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመርኩ።

በሁለተኛው ዙር ቀኑን ተውኩት። እያንዳንዱን ቁራጭ አንብቤ የአባት ስም ፈለግኩ። የኛ ስም እንዲህ ነው፤ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሰውን ከሰው የሚለየው የአባት ስም ነው። በዚህ መንገድ ከአንዱ ፖስታ አራት ሰዎች ወጡ።

ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የክቡር ዘበኛ ዋና አዛዥ ነበሩ። ከወንድማቸው ከገርማሜ ንዋይ ጋር ሆነው ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። ገርማሜ ሞቱ፤ ጄኔራሉ ተይዘው ለፍርድ ቀረቡና በመጋቢት ወር በስቅላት ተቀጡ።

መንግሥቱ ወርቁ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ በተጨማሪው ሰዓት አራተኛዋን ጎል ያገባው እሱ ነው። እስከ ዛሬ ያ ዋንጫ ብቸኛችን ነው። የዚህ ጨዋታ ቁራጮች ከመነካካት ብዛት እጥፋታቸው ተቀዷል። ደጋግሞ ያወጣቸው እንደነበር ያስታውቃል።

ሦስተኛው ጋሽ መንግሥቱ ለማ ናቸው፤ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት። «ጠልፎ በኪሴ»ን እና «ያላቻ ጋብቻ»ን የጻፉት። የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በቴፕ ቀድተው ወደ መጽሐፍ የቀየሩትም እሳቸው ናቸው። እኔም የአባቴን ወረቀት ይዤ ተቀምጬ ስለነበር ይሄን ሳነብ ሆዴ ባባ። አባትን በሕይወት እያሉ ቁጭ ብሎ መስማት እንዴት ያለ መታደል ነው።

አራተኛው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ናቸው። ደርግን መርተው፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ወደ ዚምባብዌ የሄዱት። ከቁራጮቹ ከግማሽ በላይ የሳቸው ናቸው። ዛሬም «መንግሥቱ» ብቻ ብለን ስንጠራ ሰው ወዲያው የሚያስበው እሳቸውን ነው። ይሄ ያሳዝነኛል። ያን ሁሉ ደም ያስታወሰ ስም፣ ጎሏንም ግጥሙንም ሸፍኖ መቅረት አልነበረበትም። ሥራውን እስከ መጨረሻ እንድገፋበት ያደረገኝም ይሄው ነው።

የአባት ስም የሌለባቸው ቁራጮች ግን ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ ማዕረግ ረዳኝ። «ሻለቃ መንግሥቱ» ካለ የደርግ መጀመሪያ ዓመታት ነው። «ጓድ ሊቀመንበር» ካለ ከዚያ በኋላ፤ «ፕሬዚዳንት» ካለ ደግሞ ከ1980 ወዲህ ነው። ማዕረጉ ሰዉንም ይለያል፤ ቀን የሌለውን ቁራጭም ዘመኑን ይነግራል።

በጣም ያሳሳተኝ የመፈንቅለ መንግሥቱ ነገር ነው። አባቴ ጠርዝ ላይ «የመንግሥቱ መፈንቅለ መንግሥት» ብሎ የጻፈባቸው ሁለት ቁራጮች አሉ። አንዱ በመንግሥቱ የተመራው ነው፤ የ1953ቱ። ሌላው በመንግሥቱ ላይ የተደረገው ነው፤ ግንቦት 8 ቀን 1981 ጄኔራሎቹ የሞከሩት። በአማርኛ ሁለቱም «የመንግሥቱ» ናቸው። ደግሞ ታሪካቸው ይመሳሰላል። በ1953 ንጉሡ ብራዚል ነበሩ፤ በ1981 ኮሎኔሉ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሄደው ነበር። ሁለቱም መሪው ውጭ ሳለ ተሞከሩ፤ ሁለቱም ከሸፉ። ሁለቱን ቁራጮች አንድ ላይ አድርጌ ለሦስት ሳምንት ሳላውቅ ቆየሁ። አሁን «የ» ብቻዋን ካየሁ አላምናትም፤ ማን በማን ላይ እንዳደረገው ሙሉውን እጽፋለሁ።

ሌላው ጣጣ ቃሉ ራሱ ነው። ቁራጮቹን በስልክ ፎቶ አንስቼ፣ ምስልን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር መተግበሪያ አሳለፍኳቸውና «መንግሥቱ» ብዬ ፈለግኩ። የመጣው ሁሉ ስም አይደለም። «መንግሥቱ አዲስ አዋጅ አወጣ» ሲል ሰዉ ሳይሆን አስተዳደሩ ነው። ፊደላችን የሰውን ስም ለይቶ የሚያሳይበት ትልቅ ፊደል የለውም። ስለዚህ ማሽን ሊለየው አልቻለም፤ ዐረፍተ ነገሩን ማንበብ ግድ ሆነ። ያም ሆኖ ብዙ ቀርቶብኛል፤ ምክንያቱም ግማሹ ጋዜጣ በንጉሡ ሠ «መንግሥቱ»፣ ግማሹ በእሳቱ ሰ «መንግስቱ» ብሎ ነው የጻፈው። አሁን ሁልጊዜ ሁለቱንም ነው የምፈልገው። «ኃይለ ማርያም»ንም እንደዚሁ፤ በሃሌታው፣ በብዙኃኑ፣ ተለያይቶም ተገጥሞም።

የዘመን አቆጣጠሩን በአጭሩ ልበል። አባቴ ከእንግሊዝኛ ጋዜጣም ይቆርጥ ነበር። የጄኔራሉ ፍርድ እዚያ ላይ 1961 ይላል፤ በኛ ግን 1953 ነው። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ያልተጻፈበትን ቁጥር ሳላጣራ አላስቀምጥም።

«መንግሥቱ»ን ስጨርስ «አበበ» የሚል ፖስታ አነሳሁ። ከበፊቱ ተምሬ ስለነበር በሁለት ማታ ለየሁት። አንዱ አበበ ቢቂላ ነው። በባዶ እግሩ የሮምን ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ። አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ አዛዡም ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ። ከሦስት ወር በኋላ አዛዡ መፈንቅለ መንግሥቱን ሞከሩ። በዚያው ሳምንት በቤተ መንግሥቱ ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ደግሞ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው፤ በጣሊያን ዘመን ሸዋ ላይ አምስት ዓመት የተዋጉት አርበኛ። ሦስተኛው አበበ መኮንን ነው። የቦስተን ማራቶንን ያሸነፈው በሚያዝያ 1981 ነው፤ የጄኔራሎቹ ሙከራ ሊደረግ አንድ ወር ሲቀረው። ይሄን ሳገናኘው ሌሊት ነበር። ሰው ሁሉ ተኝቷል፤ የምነግረው አጥቼ ብቻዬን ቤቱ ውስጥ ተንጎራደድኩ። ሰዎቹን ባልለያቸው ኖሮ ይሄ ግንኙነታቸው አይታየኝም ነበር።

ውጭ አገር ያደጉት የአጎቴ ልጆች ደግሞ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ዘመዳሞች ይመስሏቸው ነበር። ለአንደኛው የአባት ስም ነው፤ ለሌላው የራሳቸው። ስለዚህ በምሠራው መዝገብ መጀመሪያ ገጽ ላይ ስማችን እንዴት እንደሚነበብ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ።

በመጨረሻ አንድ ፎቶ ቀረኝ። ከጋዜጣ የተቆረጠ አይደለም። ማልያ የለበሰ ወጣት ነው፤ ከጀርባው «መንግሥቱ» ይላል። ኳስ ተጫዋቹ ይሆናል ብዬ ፊቱን ከጋዜጦቹ ጋር አስተያየሁት፤ አይመስልም። ለእናቴ ወሰድኩላት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ ጊዜ አየችው። «የጎረቤታችን ልጅ ነው» አለች። «አባትህ ያስጠናው ነበር። በጦርነቱ ሄዶ ቀረ።»

የአባቱን ስም ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ። በአምስተኛው ፖስታ ላይ ሙሉ ስሙን ጻፍኩ።