ወርዶ ወርዶ የማይቀዘቅዝ ባሕር

ጥቅምት ላይ ለሳይንስ ክበባችን ልጆች አንድ ጥያቄ አቀረብኩላቸው። "ውቅያኖስ ውስጥ ወደ ታች ሲወረድ ውሃው ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል?" ከ23ቱ ልጆች 19ኙ "ይሞቃል" ብለው እጅ አወጡ።

ምክንያታቸውን ስሰማ አልፈረድኩባቸውም። ያደጉት ደሴ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለእነሱ መውረድ ማለት ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ወደ ባቲ፣ ከዚያ ወደ ሚሌ መሄድ ነው። በወረድክ ቁጥር ልብስ ታወልቃለህ። ከመካከላቸው ባሕር ያየ አንድም ልጅ የለም። እኔም በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። የውቅያኖሶችን ስም፣ ስፋትና ጥልቀት አሸምድጄ ለፈተና ያደረስኳቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ፈተናውን ያልፋሉ፣ ወዲያው ይረሱታል። ዘንድሮ ግን ተመራማሪዎች ራሳቸው የሚሠሩበትን ቁጥር ልስጣቸውና ምን እንደሚያገኙበት ልይ አልኩ። እስከ መጋቢት የሆነውን ነው የማካፍላችሁ። የኮምፒውተር ክፍል ባይኖራችሁም የሚሠራ ነገር ነው።

የጀመርነው በአርጎ ነው። አርጎ ብዙ አገሮች በጋራ የሚያንቀሳቅሱት ፕሮግራም ነው። ወደ 4,000 የሚጠጉ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በዓለም ውቅያኖሶች ላይ ተበትነዋል። እያንዳንዱ ረጅም ቱቦ ይመስላል። 1,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ውሃው ወደወሰደው እየሄደ ይቆያል። በ10 ቀን አንዴ እስከ 2,000 ሜትር ይወርድና፣ ሽቅብ ሲመለስ ሙቀትና ጨዋማነት እየለካ ይወጣል። ላይ ሲደርስ የለካውን በሳተላይት ልኮ እንደገና ይሰምጣል። ዳታው ለማንም ነጻ ነው።

"2,000 ሜትር ምን ያህል ነው?" ሲሉኝ "ከደሴ ሚሌ" አልኳቸው። ሚሌ ያለችው 500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ያን ሁሉ ቁልቁለት መሣሪያው በየ10 ቀኑ ወርዶ ይወጣዋል። ሞተር እየገፋው ግን አይደለም። ከሆዱ ዘይት ወደ ውጭ ፊኛ ሲገፋ፣ ክብደቱ ሳይጨምር መጠኑ ይጨምርና ወደ ላይ ይነሳል። ዘይቱን ሲመልሰው ይሰምጣል።

ይህን በቃል ስነግራቸው አልገባቸውም ነበር። በሃይላንድ ሳሳያቸው ገባቸው። የእስክሪብቶ ክዳን አፉ ጠርዝ ላይ ማስቲካ ለጥፋችሁ፣ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ውሃ በሞላ ሃይላንድ ውስጥ ክተቱት። አናቱ ላይ ቀዳዳ ካለው እሱንም በማስቲካ ድፈኑት። ሃይላንዱን ግጥም አድርጋችሁ ዘግታችሁ ስትጨምቁት ክዳኑ ይሰምጣል፣ ስትለቁት ይወጣል። ውስጡ ያለው አየር ሲጨመቅ መጠኑ ስለሚያንስ ነው። ማስቲካውን አንዴ እየጨመሩ አንዴ እየቀነሱ እስኪስተካከል ድረስ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሄደብን። አልቆጨኝም።

ዳታውን ማታ በስልኬ አወረድኩት። የአንድ መሣሪያ የአንድ ጉዞ ፋይል ትንሽ ስለሆነ ፓኬጅ አይጨርስም። ከዓረብ ባሕር አንዱን መርጬ 40 መስመር ያህል ለይቼ አሳተምኩና ኮፒ አስደርጌ አደልኳቸው። ግራፉን በእጅ ነው የሠሩት፣ ባለካሬ ደብተር ላይ። ጥልቀቱ ከላይ ወደ ታች እንዲሄድ አደረግን። ዜሮውን ከላይ ማድረግ መጀመሪያ ግር ይላል፤ በኋላ ግን ወረቀቱ ራሱ ባሕር ይመስላል።

አንዱ ልጅ ጥቂት ነጥብ አስቀምጦ እርሳሱን አቆመ። "ቲቸር፣ እዚህ ጋ ሙቀቱ 99999 ይላል።" ሳላጠራው ያለፈኝ መስመር ነበር። በአርጎ ፋይል 99999 ማለት "እዚህ ልኬት የለም" ማለት ነው። ከየቁጥሩ አጠገብም ምልክት አለ። 1 ደህና ልኬት ነው፣ 4 መጥፎ። ይህን ሳስረዳቸው አንዲት ልጅ "ሳይንቲስቶችም መጥፎ ቁጥር ያስቀምጣሉ?" አለች። አዎ፣ ምልክት አድርገውበት ያስቀምጡታል እንጂ አይደብቁትም። ከዚያ ቀን በኋላ ዳታ አጥርቼ ሰጥቼ አላውቅም። እንዳለ እሰጣቸዋለሁ። መጥፎውን ራሳቸው ይፈልጉ። በመጽሐፍ የታተመን ቁጥር እንዲህ ጠርጥረው አያዩትም ነበር።

ግራፉ ሲያልቅ ላይ ላዩ 28 ዲግሪ፣ 2,000 ሜትር ላይ ወደ 3 ዲግሪ ሆነ። "ይሞቃል" ያሉት ልጆች ዝም አሉ። አንዱ "እዚያማ የሚወረደው ልብስ እየደረቡ ነው" አለ።

ኅዳር ላይ ቀይ ባሕርን ላሳያቸው ፈለግኩ። ወሎና አሰብ የአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ ነበሩ። እስከ 1998 (በፈረንጆቹ) ድረስ ስንት ሾፌር ከኮምቦልቻ አሰብ ሲመላለስ ኖሯል። የአንዱ ተማሪ አያት ከእነሱ አንዱ ናቸው። ለምኜ አመጣኋቸው። ልጆቹ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ወንበር ሰጥተው ከበቧቸው።

"ከደሴ ጋቢ ለብሼ እነሳለሁ" አሉ። "ኮምቦልቻ ጋቢውን እጥላለሁ። ባቲ ላይ ኮቱን። ሚሌ ስደርስ ሸሚዜም ይከብደኛል።"

"አባባ፣ ባሕሩስ ይቀዘቅዛል?"

"ምኑ ይቀዘቅዛል ልጄ! ለብ ያለ ነው። ገብተህ ስትወጣ ጨው ቆዳህ ላይ ነጭ ሆኖ ይደርቃል።"

ከዚያ ቁጥሩን ሰጠኋቸው። ይኸኛው በመርከብ የተለካ ነው፣ የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ኖዓ በነጻ ከሚያቀርበው የዓለም ውቅያኖስ ዳታቤዝ ያወረድኩት። ላይ ላዩን ሙቀቱ ከዓረብ ባሕር ብዙም አይለይም። ስለዚህ ሁሉም መስመሩ ወደ ታች እየቀዘቀዘ ይሄዳል ብለው ጠበቁ። 200 ሜትር አካባቢ 22 ዲግሪ ገደማ ደረሰ። 500 ሜትር ላይም ያው። 1,000 ሜትር ላይም 21 ከምናምን። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወረደ። ሁለት ልጆች አጥፍተው እንደገና ሠሩት። አንዱ "ይሄ ምልክቱ 4 ነው እንዴ?" ብሎ መጣ። አይቼ "ደህና ልኬት ነው" አልኩት።

መልሱን ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። "ካርታ አለ፣ ሳምንት ጊዜ አለ" ብዬ ለቀቅኳቸው። መምህር ሆኜ ከሠራሁት ሁሉ የከበደኝ ያ ዝምታ ነው።

በሳምንቱ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ጥልቀት የሚያሳይ ካርታ ይዛ መጣች። ቀይ ባሕር ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚወጣበት ጠባብ በር፣ ባብ ኤል መንደብ ላይ ጣቷን አኖረች። "እዚህ ጋ ደፍ አለ" አለች። ደፍ። የበር ደፍ ማለቷ ነው። ከመጽሐፍ ያገኘችው ቃል አይደለም። እኔም ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም።

እውነትም ነው። ቀይ ባሕር ከ2,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅበት ቦታ አለው። መውጫው ላይ ግን፣ ከሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ፣ የባሕሩ ወለል ወደ ላይ ይነሳና የሚቀረው ጥልቀት 137 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ቀዝቃዛው ውሃ ከዚያ በጣም በታች ስላለ ደፉን ተሻግሮ መግባት አይችልም። የቀይ ባሕር ጥልቅ ውሃ የሚመጣው ከራሱ ከሰሜኑ ጫፍ ነው፤ በብርዱ ወራት በርዶና ጨዋማ ሆኖ የሚሰምጠው ውሃ ነው። በርዶ ስንል 21 ዲግሪ ገደማ! ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ የለም፣ በዓመት 2 ሜትር ያህል ውሃ ይተንበታል። ለዚህ ነው የተለመደው የባሕር ውሃ በኪሎ 35 ግራም ጨው ሲይዝ እሱ 40 የሚይዘው። አባባ ቆዳቸው ላይ ያዩት ጨው ይኸው ነው።

ይህን በግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ሞከርነው። መሐሉ ላይ የሳጥኑን ግማሽ ከፍታ የሚደርስ የጭቃ ግድግዳ ሠራን። አስቀድመን አንድ ቀን ብናደርቀው ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ውሃውን ትንሽ አደፈረሰው። ለብ ያለ ውሃ ግድግዳው እስኪሸፈን ሞላን። ከዚያ ጨው የገባበት፣ በቀይ ሥር የቀላ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዱ ጎን ቀስ ብለን አንቆረቆርን። ቀዩ ውሃ ወለሉ ላይ ተኛ። ግድግዳው ጋ ደርሶ ቆመ። ማዶው ጥርት ያለ ነው። ልጆቹ ተንበርክከው በጎን እያዩ ማንም አልተናገረም።

ታኅሣሥ በፈተና አለፈ።

ጥር ላይ "ይሄ ሁሉ ለወሎ ምን ያደርጋል?" የሚል ጥያቄ ተነሳ። ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው። ኖዓ ከ1950 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የመካከለኛውን ፓስፊክ የገጽ ሙቀት ከተለመደው ምን ያህል እንደራቀ በየወሩ፣ የሦስት ሦስት ወር አማካይ እየወሰደ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለው። ሙቀቱ ከፍ ሲል ኤል ኒኞ ነው፤ ያኔ በሰሜን ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ልጆቹ ዝናብ የቀረባቸውን ዓመታት ከቤተሰብ ጠይቀው እንዲመጡ አደረግኩ። ሁለት ዓመት ከሁሉም ቤት መጣ፦ 77 እና 2007።

የዘመን አቆጣጠሩ ብቻ አንድ ክፍለ ጊዜ በላን። የ2007 ክረምት በሰንጠረዡ 2015 ነው። ቁጥሩ በክረምቱ ከ1.5 እያለፈ፣ በዓመቱ መጨረሻ 2.6 ደርሷል። ገጠመ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

77 ግን አልገጠመም። አንዷ ልጅ አያቷን አስጨንቃ ጠይቃለች። አያቷ "በ76 በልጉም ከዳን፣ ክረምቱም ከዳን" ብለዋታል። 1984 ማለት ነው። ልጅቷ የ1984ን መስመር ከጥር እስከ ታኅሣሥ በጣቷ ተከተለች። ሁሉም ከዜሮ በታች ነው። ኤል ኒኞ የለም።

"ቲቸር፣ የተሳሳተው ሰንጠረዡ ነው ወይስ አያቴ?"

ክፍሉ ጸጥ አለ። እዚህ አገር 77 ያልነካው ቤት የለም። ሁለቱም አልተሳሳቱም አልኳት። የ1982–83 ኃይለኛ ኤል ኒኞ በ1984 አልፎ ነበር። ዝናባችንን የሚወስነው ግን ፓስፊክ ብቻ አይደለም፤ የሕንድ ውቅያኖስም አትላንቲክም እጃቸው አለበት። ኤል ኒኞ ሚዛኑን ያጋድላል እንጂ ብቻውን አይፈርድም። ረሃቡ ደግሞ ከዝናብ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ጦርነቱም፣ የዘገየው እርዳታም አለበት። በማግስቱ ለአያቷ ነገረቻቸው። "እሱንማ እኛም እናውቃለን" አሏት አሉ።

አንድ ዓመት የገጠመበትን ብቻ አሳይቼ ብሄድ ኖሮ ልጆቹ "ኤል ኒኞ ሲመጣ ድርቅ ይመጣል" ብለው ደብተር ላይ ጽፈው ይቀር ነበር። አሁን እነሱ ናቸው ሌሎቹን ዓመታት አንድ በአንድ እየፈተሹ ያሉት። የዝናቡን ዳታ ከ1981 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በሳተላይትና በምድር ጣቢያ ልኬት ከተሠራው ቺርፕስ እያወጣሁ እሰጣቸዋለሁ።

ቀጥሎ ያሰብነው የአንበጣውን መንገድ ነው። በ2013 መባቻ ቆርቆሮ እየደበደቡ ሲያባርሩ ያደጉ ልጆች ናቸው። ያ መንጋ የተነሳው በ2018 (በፈረንጆቹ) ሜኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት የባሕር አውሎ ነፋሶች የዓረብን በረሃ በዝናብ ካራሱት በኋላ ነው። የዚያን ጊዜውን የዓረብ ባሕር ሙቀት አውርደን ለማየት ተዘጋጅተናል።

እስከዚያው አንድ የአርጎ መሣሪያ እየተከታተልን ነው፤ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለ። ልጆቹ "ወሎዬው" ብለውታል። በየ10 ቀኑ ላይ ወጥቶ የት እንደደረሰ ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ በስፒል ይወጉታል። ስምንት ስፒል ሆኗል። ባለፈው ወደ ምሥራቅ ነበር የሄደው፤ ግማሹ ክፍል አሁን ይመለሳል ይላል፣ ግማሹ አይመለስም። ረቡዕ ይወጣል።