ከ17 በፊት 7 አለ

ዕብራውያን 13፥17ን በቃሉ የማይዝ አማኝ እዚህ ጅማ ብዙ አይገኝም። «ለዋኖቻችሁ ታዘዙና ተገዙ» ይላል፤ ለመሪዎቻችሁ ማለት ነው። ስብከት ላይ ይጠቀሳል። ምክር ላይም ይጠቀሳል። አንድ ሰው «ግን ለምን?» ብሎ ሲጠይቅማ ወዲያው ይመጣል። ጥቅሱን እወደዋለሁ። ግማሹ ብቻ ሲነበብ ግን ያመኛል።

ረቡዕ ማታ ኮቺ ሰፈር እኛ ቤት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አለን። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። በቅርቡ አንዷ ከቡና በኋላ ቀረት ብላ «እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት» አለችኝ። ልትመረቅ ነው፤ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታለች። የምትከተለው አገልጋይ ግን «ጌታ አልፈቀደም፤ ከሄድሽ ከበረከትሽ ትወጫለሽ» ብሏታል። እንቅልፍ የነሳት የሥራው ጉዳይ አይደለም። «እሱን ባልታዘዝ እግዚአብሔርን መናቄ ነው?» የሚለው ነው።

ከቁጥር 7 ጀመርን። «የኑሮአቸውንም ፍሬ እየተመለከታችሁ በእምነታቸው ምሰሉአቸው» ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ የመሪው ኑሮ ይታያል። ቤተሰቡን እንዴት ይይዛል? ገንዘብ እጁ ሲገባስ? ሲሳሳት ይቅርታ ይጠይቃል? ከዚያ ወደ 17 መጣን። መሪዎቹ «ስሌትን እንደሚሰጡ» ሆነው ስለ ነፍሳችን ይተጋሉ ይላል። እነሱም ይጠየቃሉ ማለት ነው። ልጅቷ «ይሄን ማንም አንብቦልኝ አያውቅም» አለች። አንጀቴን በላችው። ሂጂም ቅሪም አላልኳትም፤ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሆነን አገልጋዩን በአክብሮት ልንጠይቀው ተስማማን።

አገልጋይ እንዳይጠየቅ የሚጠቀሰው «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» የሚለውም አለ። እባካችሁ መዝሙር 105ን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡት። እዚያ የሚጠበቁት አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ናቸው፤ በቁጥር ጥቂት፣ በሰው አገር እንግዶች። የሚገሠጹት ነገሥታት ናቸው። ታዲያ ይሄ እንዴት ምእመኑን ዝም ማሰኛ ይሆናል?

የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ስብከት ሰምተው «ነገሩ እንደዚህ ይሆንን?» እያሉ መጻሕፍትን መረመሩ። ታሪኩን በሐዋርያት ሥራ የጻፈው ሉቃስ አመፀኞች አላላቸውም፤ ልበ ሰፊዎች አላቸው። ጳውሎስም ራሱ አንጾኪያ ላይ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃውሞታል። ያውም በሁሉ ፊት!

ይህን የምጽፈው መሪ ይናቅ ብዬ አይደለም። በክረምት ጭቃ የታመመ ሊጠይቁ በእግራቸው የሚዞሩ ሽማግሌዎች አሉን። እጥፍ ክብር ይገባቸዋል፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5 ይላል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር በሽማግሌ ላይ ክስ አትቀበል ተብሏል። መጋቢን ቡና ላይ ማማት ጥያቄ መጠየቅ አይደለም። ይሄን በጣም እንለይ።

የፊታችን ረቡዕ 1ኛ ጴጥሮስ 5ን እናነባለን፤ «ማኅበሮቻችሁንም በኃይል አትግዙ» የሚለውን። የምታገለግሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ኑ። ምዕራፉ ሲጀምር የሚያናግረው ሽማግሌዎችን ነው።